«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» የተባልን ወላጆች

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ትንሽ ልጅ ለሚያሳድጉ ወገኖቼ ነው። በተለይ እኩዮቹ ማውራት ሲጀምሩ ልጃቸው ዝም ላለባቸው፣ ንዴቱ ለበረታባቸው፣ ሰው ቤት ይዘውት ለመሄድ ለሚሳቀቁ። እኛም በዚህ አልፈናል። ልጃችን ዛሬ አምስት ዓመቱ ነው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሟገተናል፤ አንዳንዴ እንደውም «እስቲ ትንሽ ዝም በል» ያሰኛል። እዚህ እስክንደርስ ግን ብዙ ተጉላልተናል። እኛ ያባከንነውን ጊዜ ሌላው ባያባክን ብዬ ነው።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ ማታ ማታ ኡበር ይነዳል። እኔ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። ልጃችንን ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው። ማሙሽ በጊዜው ተቀመጠ፣ በጊዜው ቆመ፣ ዓመት ሳይሞላው ዳዴ ብሎ ቤቱን አመሰው። ሳቂታ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ግን የሚላት ነገር «እማ» እና «ባ» ብቻ ነበረች። የሚፈልገው ነገር ሲኖር እጄን ይጎትታል። ፍሪጅ ድረስ ይወስደኝና ቆሞ ያለቅሳል።

ዘመድ ምክር አልነፈገንም። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» አሉን። አማቴ በስልክ «አባቱም እስከ አራት ዓመቱ ዲዳ መስሎን ነበር» አሉኝ። አንዷ አክስቴ «ዓይን በልቶት ነው፣ ጸበል ውሰጂው» አለችኝ። ይህን ሁሉ የሚሉን ስለሚወዱን ነው፤ አንዳቸውንም አልቀየምም። ጸበሉንም ወስደነዋል። ከሁሉ የጎዳን ግን በጣም የተማረ የሚመስለው ምክር ነው። «ሁለት ቋንቋ ስለምታወሩበት ግራ ገብቶት ነው፤ አማርኛውን ተዉትና በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት።» ይህን መጀመሪያ ያለን እዚህ ያደገ የአጎቴ ልጅ ነው። ቀጥሎ አንዲት የክሊኒክ ሠራተኛም ደገመችው። ሁለት ሰው ሲለው እውነት መሰለን።

አማርኛውን ተውነው።

የኔ እንግሊዝኛ የሥራ ነው። ደም ግፊት ለክቼ ለመመዝገብ፣ ለበሽተኛ ቤተሰብ ለማስረዳት ይበቃኛል። ልጅ ለማባበል ግን አይሆንም። «እናትህ ትሙትልህ፣ ምን ሆነብኝ የኔ ጌታ» የሚለውን በእንግሊዝኛ በምን ልበለው? ከሥራ ደክሜ ስገባ አፌ ላይ የሚመጣው አማርኛ ነው፤ እሱን ደግሞ ዋጥ አደርገዋለሁ። ስለዚህ ለልጄ የቀረለት «ካም»፣ «ሲት»፣ «ኢት»፣ «ኖ» ነው። ትእዛዝ ብቻ። ባለቤቴም እንደዚያው። ቤታችን ጭር አለ። ልጁ አንድ ቋንቋ በደንብ እንዲሰማ ብለን ሁለቱንም አሳጣነው። ጭርታውን ደግሞ ስልክ ሞላው። ወጥ ስሠራ ስልክ፣ መኪና ውስጥ ስልክ፣ ሲያለቅስ ስልክ። ባለ ቀለም ካርቱን እያየ ጸጥ ሲል «ቢያንስ እንግሊዝኛ እየሰማ ነው» ብለን ራሳችንን እናጽናናለን።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ንዴቱ ከቁጥጥር ውጪ ሆነ። ጁስ ፈልጎ ይጎትተኛል፤ ውሃ እሰጠዋለሁ። አይደለም። ወተት እሰጠዋለሁ። እሱም አይደለም። መሬት ላይ ይወድቅና ጭንቅላቱን ከወለሉ ጋር ያጋጫል። ጁሱ ጋ ስንደርስ እሱም ረስቶታል፤ የቀረው ለቅሶው ብቻ ነው። ዴይኬር ውስጥ አንድ ልጅ ነክሶ ወረቀት አስፈረሙኝ። ብዙም ሳይቆይ ደገመው። ኃላፊዋ ጥግ ወስዳ «በዚህ ከቀጠለ ልናቆየው እንቸገራለን» አለችኝ። አንድ ክርስትና ላይ ደግሞ ሕፃን ልጅ ገፍትሮ ጣለ። «ባለጌ አድርጋችሁ ያሳደጋችሁት!» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ድግስም ማኅበርም ቀረን። እንደዚያ ያለ ቀን ሰው ቤቱ ሲቀመጥ፣ ልጁም ከሌላ ልጅ ጋር መጫወት የሚማርበት ቦታ ያጣል።

ነገሩን የቀየረችው የሥራ ባልደረባዬ ናት። ትልቅ ሰው ናት፤ እትዬ ነው የምንላት። የልጅ ልጇ በዚሁ አልፏል። ምሳ ሰዓት ላይ ስነግራት ማንኪያዋን አስቀምጣ «ደውለሻል?» አለችኝ። «የት?» አልኳት። «ለካውንቲው ነዋ። ሐኪም እስኪልክሽ አትጠብቂ፤ እናቱ ነሽ፣ ራስሽ መደወል ትችያለሽ።» ቁጥሩን በናፕኪን ላይ ጽፋ ሰጠችኝ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ነው። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ፣ እድገታቸው ዘገየ ለሚባሉ ሕፃናት የተዘጋጀ አገልግሎት አለ። በጥቅሉ ኤርሊ ኢንተርቬንሽን ይባላል። ወላጅ ራሱ ደውሎ ማስመዝገብ ይችላል። የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም። ምርመራው በነፃ ነው። ከተመዘገባችሁ በኋላ ምርመራው ተደርጎ፣ ልጁ ብቁ ከሆነ እቅድ የሚወጣበት የመጀመሪያው ስብሰባ በ45 ቀን ውስጥ መካሄድ አለበት። አገልግሎቱን በተመለከተ አንዳንድ ስቴት እንደ ገቢ መጠን ያስከፍላል፤ ሜሪላንድ አያስከፍልም። እኛን ስለ መኖሪያ ወረቀት የጠየቀን ሰው አልነበረም።

ስሙ በየስቴቱ ይለያያል፤ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ፕሮግራም ይሉታል። ቨርጂኒያ ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን ነው። ዲሲ ስትሮንግ ስታርት። አትላንታ ያላችሁ ቤቢስ ካንት ዌይት ብላችሁ ፈልጉ። ዳላስና ሂውስተን ኢ.ሲ.አይ. ይባላል። ሎስ አንጀለስ ኧርሊ ስታርት፣ ሚኒሶታ ሄልፕ ሚ ግሮው። ሌላ ቦታ ያላችሁ የስቴታችሁን ስም ከኤርሊ ኢንተርቬንሽን ጋር አድርጋችሁ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ ቁጥሩ ይወጣል።

ስትደውሉ ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። «የልጄ እድገት አሳስቦኛል፣ እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ቀጥሎ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። እንግሊዝኛ እናውቃለን ብላችሁ አትለፉት። እኔ ክሊኒክ ስሄድ የአጎቴን ልጅ ይዤ ነበር። «ራሱን ከወለል ጋር ያጋጫል» ስል እሱ «ትንሽ ይናደዳል» ብሎ ተረጎመው። ሼም ይዞት ነው፤ የቤተሰብን ገመና መሸፈኑ ነው። ሐኪሙም «እስቲ እንጠብቅ» አለ። በኋላ ያገኘናት አስተርጓሚ ግን የተናገርኩትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነው ያስተላለፈችው። የቤተሰብ አባልን በተለይም ትልልቅ ልጆቻችሁን ለዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ አታድርጓቸው።

ለምርመራው ሁለት ባለሙያዎች ቤታችን መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ቤት ሳጸዳ ነው ያደርኩት፤ እነሱ ግን ቤቱን ቀና ብለውም አላዩት። አንደኛዋ ከቦርሳዋ የሳሙና አረፋ መንፊያ አወጣች። አንዴ ነፋችና ክዳኑን ዘግታ ዝም አለች። ማሙሽ ጠርሙሱን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ጠርሙሱን አየ። እሷ አሁንም ዝም። እኔ በልቤ «ንፊለት እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ» እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ እጇን ነካ አድርጎ «ባ!» አለ። ወዲያው ነፋችለት። ለካ የምትጠብቀው እሱን ነበር።

«ስንት ቃል አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አራት፣ ቢበዛ አምስት» አልኳት። «በሁለቱም ቋንቋ ቆጥረሽ ነው?» አለችኝ። አልቆጠርኩም ነበር። እንግሊዝኛውን ብቻ ነበር የምቆጥረው። አንድ ላይ መቁጠር ጀመርን። «እማ»፣ «ባ»፣ ውሃ ሲፈልግ «ዋ»፣ ሲጠግብ «በቃ»፣ «ና»፣ «ባይ»፣ «ኖ»። ላም ሲያይ «ሙ» ይላል አልኳት እየሳቅሁ። «እሱም ይቆጠራል» አለችኝ። ከገመትኩት እጥፍ ሆነ። አሁንም ለዕድሜው ትንሽ ነው፤ ግን ያ ልጅ ዝም ያለ ልጅ አልነበረም። እኛ ነን ግማሹን ያልሰማነው።

ከዚያ በኋላ ያለችኝን በደንብ ስሙልኝ። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ከማውራት አያዘገይም። የዘገየ ልጅ በአንድ ቋንቋም ቢያድግ ይዘገይ ነበር። የቤት ቋንቋን ማቆም አያፈጥነውም፤ ይልቁንም ወላጅ ከልጁ ጋር የሚያወራበትን ዋናውን መንገድ ይዘጋል። «በየትኛው ቋንቋ ነው እንደልብሽ የምታወሪው? በዚያው አናግሪው» አለችኝ። በዚያው ማታ ማሙሽን ሳስተኛው በአማርኛ አባበልኩት። ለእሱ ይሁን ለእኔ ባላውቅም፣ ሁለታችንም ቶሎ እንቅልፍ ወሰደን።

ጆሮውን እንድናስመረምርም ላኩን። ይህንን ማንም እንዳይዘልለው። «ሲወለድ ተመርምሮ አልፏል» ብላችሁ አትለፉት፤ የመስማት ችግር በኋላም ሊመጣ ይችላል። ጉንፋን የሚደጋግመው ሕፃን ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ሊጠራቀምበት ይችላል። አያምመውም፣ ትኩሳትም ላይኖረው ይችላል፤ ግን ድምፅ ታፍኖ ነው የሚሰማው። ማሙሽም በአንዱ ጆሮው ተገኘበት። እየተከታተሉት በራሱ ጊዜ ደረቀ። ካልደረቀም መፍትሔ አለው። ስሙን ስንጠራው ዞር አለማለቱን «እልኸኛ ነው» ስንለው ከርመናል።

ስለ ኦቲዝምም ልናገር፤ ብዙ ወላጅ ስልክ የማይደውለው ይህንን ቃል ላለመስማት ነውና። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። የሚሞላው ወላጅ ነው። «ልጅዎ የሚያስደስተውን ነገር ሊያሳይዎ ይጠቁማል ወይ» ዓይነት ጥያቄ ነው። መጠይቁ ብቻውን ኦቲዝም አለበት ወይም የለበትም አይልም፤ በደንብ ይታይ ወይስ አይታይ የሚለውን ነው የሚለየው። የማሙሽ አላሳሰባቸውም። የጓደኛዬ ልጅ ደግሞ ኦቲዝም እንዳለው ታወቀ። የደወልነው ወደ አንድ ቢሮ ነው፤ ለእሷም ለእኔም በሩን የከፈተልን ያው ስልክ ነው። እሷ ስታለቅስ ከርማ አሁን «ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ቀድሜ እጀምር ነበር» ነው የምትለው። ሰው እንዳያውቅባት ብላ መጀመሪያ ደብቃው ነበር፤ አሁን ቤተ ክርስቲያንም ይዛው ትመጣለች። ሌሎች እናቶች ጠጋ ብለው የሚጠይቋት እሷን ነው።

አገልግሎቱ ሲጀመር ስፒች ቴራፒስቷ፣ ማለትም የንግግር ባለሙያዋ፣ ልጁን ይዛ የምትሠራ መስሎኝ ነበር። ሻንጣዬን ይዤ ላውንደሪ ልሄድ ስል «የት ትሄጂያለሽ? የመጣሁት ለአንቺ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እሷ የምትመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ የቀረውን ከልጁ ጋር የምንውለው እኛ ነን። ያስተማረችን ነገር ሁሉ ያለ ምንም ወጪ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው።

ዋናው መጠበቅ ነው። አንድ ነገር ተናገሩና በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። አምስት በጣም ረጅም ነው፤ ሞክሩት። እኔ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ሳይመልስ ሦስት እደራርብበት ነበር። ሁለተኛ፣ ቁመታችሁን ዝቅ አድርጉ። ወለል ላይ ተቀመጡ፤ ፊታችሁን፣ ከንፈራችሁን ይይ። ሦስተኛ፣ ፈተናውን ቀንሱ። «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ? እስቲ በል!» ማለት ልጁን ያስጨንቀዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። በእሱ ፈንታ የሚያደርገውን ተናገሩለት። «መኪናዋን ገፋሃት። ሄደች! ወደቀች።» እሱ «ዋ» ካለ እናንተ «ቀዝቃዛ ውሃ» በሉት፤ በአንድ ቃል ብቻ ቅደሙት። ምርጫ ስጡት። ሙዝና ብርቱካን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ «ሙዝ? ወይስ ብርቱካን?» በሉና ጠብቁ። የሚወደውን አሻንጉሊት ደግሞ የሚያየው ግን የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት፤ መጠየቂያ ምክንያት ይኑረው።

በእጅ ምልክትም ጀመርን። «ጨምሪልኝ» የሚለውን በሁለት እጁ ጣቶቹን አጋጥሞ፣ «ጨረስኩ» የሚለውን መዳፉን እያገላበጠ። ዘመድ ደነገጠ። «ጭራሽ ዲዳ ልታደርጉት ነው?» አሉ። ምልክት ግን ለቃል ያንደረድራል እንጂ አያስቀርም። ማሙሽ «ጨረስኩ» የሚለውን ምልክት ባወቀ ሰሞን ሳህን መወርወር ተወ። ለካ ሲወረውር «በቃኝ» ማለቱ ነበር።

በዚሁ አጋጣሚ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። ስለ ቴራፒ የምታውቀው ነገር የለም። የምታውቀው ልጅ ማጫወት ነው። ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍንና «ኩኩሉ!» ትላለች። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ «አልነጋም!» የምመልስላት። «ኩኩሉ!» «አልነጋም!» ማሙሽ እያየ ይስቃል። ትንሽ ሲቆይ እናቴ «አንቺ ዝም በይ» አለችኝ። «ኩኩሉ!» ብላ ከነጠላው ውስጥ ሆና ዝም። ለደቂቃ ያህል አልተነቃነቀችም። ማሙሽ ነጠላውን ጎተተ፤ አልገለጠችም። በመጨረሻ «አጋም!» ብሎ ጮኸ። ቴራፒስቷ በሚቀጥለው ሳምንት ስታያቸው ማስታወሻዋን ዘጋች። «ይህንኑ ቀጥሉ» አለች፤ በቃ። አንዱ ይናገራል፣ ይጠብቃል፣ ሌላው ይመልሳል። ተራ መጠበቅ ማለት ይኸው ነው። እኛ በልጅነታችን ደጅ ላይ የተጫወትነው ነው።

ከዚያ በኋላ የቤቱን ሥራ በሙሉ ከእሱ ጋር መሥራት ያዝን። እናቴ ምስር ስትለቅም ትሪው አጠገብ ይቀመጣል፤ «ድንጋይ!» ይላል፣ ያወጣል። ልብስ ሳጥፍ «ያባባ፣ የማማ፣ የማሙሽ» እያልኩ እሱ ይለያል። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻው ከእናቴ ዘንድ ነው፤ በጭብጥ አትሰጠውም፣ አንድ አንድ ፍሬ ነው። «ጨምሪ!» እስኪል ትጠብቃለች። መጀመሪያ ላይ ግን ይህ ለእሷ ከባድ ነበር። አያት ናትና ገና አፉን ሳይከፍት ሁሉንም ታቀርብለታለች። «ልጅ እያስለመናችሁ ነው» ብላ ተቆጥታናለች። ቃሉን ሲላት ደስታውን ያየች ቀን ነው የተረዳችን።

ባለቤቴ ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ስለሚተኛ «እኔ መቼ ላግዝ?» ይል ነበር። ዴይኬር የሚያደርሰው እሱ ነው። የመኪናውን ጊዜ ያዘው። ስልክ የለም፣ ሬዲዮም ዝግ ነው። «ቀይ በራ። ቆምን። አረንጓዴ! እንሂድ።» የማሙሽ የመጀመሪያው ሁለት ቃል አንድ ላይ የመጣው እዚያ መኪና ውስጥ ነው፤ «ባ፣ ሂድ!» ከፊታችን ያለው መኪና ቆሞብን ነበር። አባትየው እስካሁን ይኮራበታል።

ስለ ስልክ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ አጭር ነው። ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ስክሪን አይመከርም። ከሁለት እስከ አራት ዓመት በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ቢያንስ ደግሞ ይመረጣል። በሁለት ሺፍት የምትሠራ እናት ይህን ስታነብ ምን እንደሚሰማት አውቃለሁ። እኛ በአንድ ቀን አላጠፋነውም። ገበታ ላይና መኪና ውስጥ ይቅር አልን፣ ከዚያ ከመኝታ በፊት። ወጥ ስሠራ አንድ ድስትና ማንኪያ ወለል ላይ እሰጠዋለሁ። ጩኸቱ አያድርስ ነው። ከእናቴ ጋር በቪዲዮ ማውራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ መልስ የሚሰጥ ሰው አለበት።

ንዴቱ ቃል ሲመጣ ቀነሰ እንጂ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። ሲያለቅስ ማስተማር ዋጋ የለውም፤ በዚያ ሰዓት አይሰማም። የኔ ረጅም ስብከት ያባብሰው ነበር። አሁን አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። «ተናደድክ። ጁሱን ፈልገህ ነበር። ገባኝ።» ከዚያ ዝም። ሰው ሊመታ ሲል እጁን ያዝ አድርጌ «መምታት አይቻልም» እላለሁ፤ ሳልጮህ፣ ግን ሳልስቅም። እኛ ቤት ትንሽ ልጅ አባቱን ሲመታ «ጎበዝ!» እየተባለ ይሳቃል፤ ውጪ ሲመታ ይገረፋል። ልጁ የቱን ይያዝ? ከጨዋታ ቦታ ስንወጣ ደግሞ ድንገት አንስቶ መሄድ ቀረ። «ሁለቴ ተንሸራተትና እንሄዳለን» እለዋለሁ፤ ሁለቴ ከሆነ ሁለቴ ነው። ለቅሶው ሲበርድለት እቅፍ አደርገዋለሁ። ቂም የለም። እኔ ራሴ ልፈነዳ ስል ለባለቤቴ ወይም ለእናቴ አሳልፌ ሰጥቼው በረንዳ እወጣለሁ። ማንም ከሌለ አልጋው ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ቆሜ እተነፍሳለሁ፣ እመለሳለሁ።

ለዴይኬሩም እቅዱን ነገርናቸው። ባለሙያዋ እዚያም ሄዳ አይታዋለች፤ አገልግሎቱ ቤት ብቻ ሳይሆን ልጁ የሚውልበት ቦታ እንዲሰጥ መጠየቅ እንደሚቻል አትርሱ። መምህሯ ልጁ የሚነክሰው አሻንጉሊት ሲቀማ መሆኑን አስተዋለች። «የኔ!» ማለትን አስተማረችው። ለሁለት ሳምንት ያህል ዓለሙን ሁሉ «የኔ!» ሲል ሰነበተ። መንከሱ ግን ቆመ።

ልጃችሁ የት እንዳለ ለማወቅ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2022 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው ዝርዝር ጠቃሚ ነው። ከ100 ልጆች 75ቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚደርሱበትን ነው የሚያስቀምጠው። በ15 ወር ከእማማና አባባ ሌላ አንድ ሁለት ቃል ይሞክራል። በ18 ወር ሦስት ወይም ከዚያ በላይ። በሁለት ዓመት ሁለት ቃል ያገጣጥማል። በ30 ወር 50 ያህል ቃል ይኖረዋል። አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ጋር ደምሩ። ፍሪጅ ላይ ወረቀት ለጥፉና አዲስ ቃል በሰማችሁ ቁጥር ጻፉት፤ ለባለሙያዎቹም ይጠቅማል። ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ ግን ወረቀት መለጠፍ አያስፈልግም፤ ደውሉ። ሲናገረው የነበረውን ቃል የተወ ልጅ ካለ ደግሞ ለሐኪሙም ለካውንቲውም በዚያው ሳምንት ደውሉ።

ልጃችሁ ሦስት ዓመት ካለፈው «አለቀልን» አትበሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኃላፊነቱ ወደ ሕዝብ ትምህርት ቤቶች ይዞራል፤ ልጁ ገና ትምህርት ባይጀምርም። ለሰፈራችሁ የትምህርት ቢሮ ደውላችሁ ቻይልድ ፋይንድ (ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች የሚለየው አገልግሎት) በሏቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ሦስት ዓመት ሳይሞላው የጀመረ ልጅ ወላጁ ከፈለገ በዚያው ፕሮግራም ትንሽ የመቆየት ምርጫም አለው፤ እኛ ቆይተናል። ጥያቄያችሁን በስልክ ብቻ አትተዉት። በኢሜይል ጻፉት፣ ቀኑን አስፍሩበት፣ አንድ ቅጂ አስቀሩ። ስብሰባ ሲጠሯችሁም አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ «ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ትችላላችሁ።